መሰላሉ የቆመው መጠጥ ቤት ውስጥ ነበር፦ የኤሲ/ዲሲ አነሣሥና የዛሬ ባንዶች ዕጣ

ኖቬምበር 12 ቀን 2025 በሜልበርን እምብርት በሚገኘው ፌዴሬሽን አደባባይ ከ370 የሚበልጡ ሰዎች ባግፓይፕ ታቅፈው ተሰበሰቡ። ባግፓይፕ ስኮትላንዳውያን በብብታቸው ሥር ይዘው የሚነፉት ባለከረጢት መሣሪያ ነው፤ ለሰልፍም ለቀብርም ይውላል። የዚያን ዕለት ግን የተነፋው የሀርድ ሮክ ዜማ ነበር፤ ወደ ላይ የሚያወጣው መንገድ ረጅም ነው የሚል ዜማ። የዜማው ባለቤት የሆነው የአውስትራሊያ ሮክ ባንድ ኤሲ/ዲሲ በዚያው ምሽት፣ ከአደባባዩ ብዙም ሳይርቅ፣ በከተማዋ ግዙፍ የክሪኬት ስታዲየም መድረክ ላይ ወጣ። ንዝረቱን የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያዎች ሳይቀሩ እንደ ያዙት በዜና ተነገረ።

አደባባዩን ታክኮ የሚያልፈው ስዋንስተን ጎዳና ነው። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1976 ይኸው ባንድ በዚሁ ጎዳና ላይ፣ በክፍት የጭነት መኪና ተጭኖ፣ በባግፓይፕ ነፊዎች ታጅቦ ሲጫወት ለቴሌቪዥን ተቀርጿል። ቀረጻው ዛሬም ይታያል፤ በእግረኛ መንገዱ ላይ የቆሙት ሰዎች ቀና ብለው ያያሉ፣ አንዳንዱ ፈገግ ይላል፣ አንዳንዱ ወደ ሥራው ይቀጥላል። ከመኪናው ላይ ያሉት ልጆች ከ50 ዓመት በኋላ የከተማዋ ቅርስ ይሆናሉ ብሎ የጠረጠረ ያለ አይመስልም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለቱ ቀናት መካከል አንድ ጥያቄ አለ። ስታዲየም የሚሞሉት የሮክ ባንዶች ለምን ሁሉም ሽማግሌዎች ሆኑ? የኤሲ/ዲሲ ጊታሪስት አንገስ ያንግ ሰባኛ ዓመቱን ደፍኗል፣ ድምፃዊው ብራያን ጆንሰን ወደ ሰማንያ እየተጠጋ ነው። የእነሱን ቦታ የሚወርስ ትውልድ የት ሄደ? የተለመደው መልስ ወጣቱን መውቀስ ነው፤ ጊታር ጠላ፣ ትዕግሥት አጣ፣ ከስልኩ አልነሣም አለ ይባላል። ይህ መልስ ለተናጋሪው የሚመች ሰነፍ መልስ ነው። ኤሲ/ዲሲ የወጣበትን መንገድ አንድ በአንድ ለተከተለ ሰው፣ ባንዱን ተሰጥኦ ብቻውን እንዳላወጣው ይታያል። መሰላል ነበረው። የመሰላሉ ደረጃዎችም በእጅ የሚጨበጡ ነበሩ፤ የስደተኞች ካምፕ፣ የታላቅ ወንድም ውለታ፣ የመጠጥ ቤት ሕግ፣ የመንግሥት ቴሌቪዥን፣ ትዕግሥት ያለው ኩባንያ።

ከካምፑ እንጀምር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውስትራሊያ የሰው ኃይል ስለጎደላት እንግሊዛውያንንና ስኮትላንዳውያንን በድጎማ ታስመጣ ነበር፤ አንድ አዋቂ ሰው ለጉዞው አሥር ፓውንድ ብቻ ይከፍላል። የያንግ ቤተሰብ በ1963 ከግላስጎው ተነሥቶ በዚህ መንገድ ሲድኒ ገባ። መጀመሪያ ያረፉት በቪላዉድ የስደተኞች ማረፊያ ነበር። ትንሹ ልጅ አንገስ የስምንት ዓመት፣ ከእሱ የሚቀድመው ማልኮም የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ጆርጅ በዚያው ማረፊያ ሃሪ ቫንዳ ከተባለ የሆላንድ ስደተኛ ጋር ተዋወቀ። ሁለቱ ከሌሎች ሦስት ስደተኞች ጋር ኢዚቢትስ የተባለውን ባንድ መሠረቱ፤ በ1966 ያወጡት አንድ ዘፈን ከአውስትራሊያ አልፎ በእንግሊዝ የመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ገባ።

ለታናናሾቹ ይህ ከትምህርት ቤት የሚበልጥ ትምህርት ነበር። ዝና በሩቅ የሚሰማ ተረት ሳይሆን ከአንድ ማዕድ የሚበላ ወንድም ሆነላቸው። ከዚህ የሚበልጠው ትምህርት ግን የመጣው ከውድቀቱ ነው። ኢዚቢትስ በ1969 ሲበተን የቀራቸው ስምና ዕዳ ነበር። ጆርጅና ሃሪ ለንደን ውስጥ ተቀምጠው ለሌሎች ዘፈን እየጻፉ ዕዳቸውን ሲከፍሉ ዓመታት አለፉ። በ1973 ወደ ሲድኒ ሲመለሱ ጆርጅ ሁለት ነገር ያውቃል፤ ዘፈን እንዴት እንደሚሠራና ባንድ እንዴት እንደሚበዘበዝ።

ማረፊያቸውም ተዘጋጅቶ ነበር። የአልበርት ቤተሰብ ከ1885 ጀምሮ በሲድኒ ሲነግድ የኖረ ነው፤ መሥራቹ ሰዓትና ቫዮሊን ይዞ የተነሣ የስዊዘርላንድ ስደተኛ ሲሆን፣ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ወደ ሙዚቃ ኅትመትና ቀረጻ አሳደጉት። ጆርጅና ሃሪ የዚህ ኩባንያ ፕሮዲዩሰሮች፣ ማለትም ቀረጻውን የሚመሩ ሰዎች፣ ሆኑ፤ በኪንግ ጎዳና ላይ ስቱዲዮ ነበራቸው። ስለዚህ ማልኮም በኖቬምበር 1973 ባንድ ሲያቋቁም በዕድሜ እኩዮቹ ያልነበራቸው ነገር ነበረው፤ ሰዓቱ ሲያልፍ የማያስከፍለው ስቱዲዮና የማያታልለው ፕሮዲዩሰር። “ከምንም ተነሥተው” የሚለውን አፈ ታሪክ የሚወዱ ሰዎች ይህን ክፍል ዘለው ያልፉታል። ማልኮም እርግጥ ነው ሀብታም አልነበረም፤ የሴቶች የውስጥ ልብስ በሚያመርት ፋብሪካ ማሽን ይጠግን ነበር። ነገር ግን ዘመድ ነበረው፤ ዘመዱ ደግሞ ስቱዲዮ ነበረው።

ስሙን ያወጣችው እኅታቸው ማርጋሬት ናት ይባላል፤ በልብስ ስፌት ማሽን ላይ የኤሌክትሪኩን ዓይነት የሚያመለክቱትን ፊደሎች አይታ። አንገስ እስከ ዛሬ ቁምጣና ኮት አድርጎ መድረክ የሚወጣበት የተማሪ ልብስም የእሷ ሐሳብ ነው፤ ከትምህርት ቤት መጥቶ ልብሱን ሳይቀይር ጊታሩን ይዞ ሲቀመጥ ስለምታየው። የመጀመሪያው ትልቅ ምሽታቸው በ1973 የመጨረሻ ቀን በሲድኒው ቼከርስ የምሽት ክበብ ነበር። ቀጣዩ ዓመት በትርምስ አለፈ። ቤዝ ተጫዋችና ድራመር ይመጣል፣ ይሄዳል። በጊዜው ፋሽን የነበረውን የሚያብረቀርቅ ልብስም ሞከሩት፤ አንገስ የሁሉም ዓይነት ልብስ ሰለባ ሆኖ በመጨረሻ ቁምጣው ጸና።

ለውጡ የመጣው በ1974 መገባደጃ፣ ቦን ስኮት ሲቀላቀላቸው ነው። እሱም ስኮትላንድ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አውስትራሊያ የመጣ ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ለእነሱ ሽማግሌ ማለት ነው። በሁለት ባንዶች ውስጥ ተስፋ አድርጎ ሁለቱም ጊዜ ወድቋል። በዚያው ዓመት ጠጥቶ ሞተር ብስክሌት ሲነዳ ተጋጭቶ ራሱን ስቶ ለቀናት ሆስፒታል ተኝቷል። በዛሬው ሚዛን “ጊዜው ያለፈበት” የሚባል ሰው ነበር። ይህ ያለፈበት ሰው ግን ወንድማማቾቹ ያልነበራቸውን ነገር ይዞ መጣ፤ የሚናገረው ሕይወት። የቦን ግጥሞች ስለ ኪራይ ክፍል፣ ስለ ባዶ ኪስ፣ ስለ ከሸፈ ፍቅርና ስለ ሥራ ፈላጊነት ናቸው፤ አብዛኞቹ ባለጌ ናቸው፣ ጥቂቶቹ ዛሬ ሲሰሙ ያሳፍራሉ፤ ነገር ግን በራሱ ላይ እንደሚስቅ ሰው ቀልድ ስላለባቸው ይይዛሉ።

አሁን ወደ ዋናው ደረጃ እንምጣ፣ ወደ መጠጥ ቤቱ።

የአውስትራሊያ መጠጥ ቤት እንዴት የሮክ መድረክ እንደ ሆነ ለመረዳት ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት መመለስ ያስፈልጋል። በ1916 ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ቪክቶሪያና ደቡብ አውስትራሊያ መጠጥ ቤቶች ከምሽቱ 12 ሰዓት እንዲዘጉ ደነገጉ። ሐሳቡ ሠራተኛው በጊዜ ወደ ቤቱ እንዲገባ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሠራተኛው 11 ሰዓት ከሥራ ይወጣል፣ አንድ ሰዓት አለው፤ በዚያች አንድ ሰዓት የሚችለውን ያህል ቆሞ ይጨልጣል። ባለመጠጥ ቤቶቹም ወንበርና ጠረጴዛ አስወጥተው አዳራሹን አሰፉ፣ በቧንቧ ውሃ ለማጠብ እንዲመች ግድግዳውን ሸክላ አለበሱት። ሕጉ በኒው ሳውዝ ዌልስ በ1955፣ በቪክቶሪያ በ1966፣ በደቡብ አውስትራሊያ በ1967 ተሻረ። ሕጉ ሲሄድ አዳራሾቹ ቀሩ፤ ሰፊ፣ ባዶ፣ ሸክላ ግድግዳ ያላቸው፣ አሁን አምሽተው የሚዘጉ አዳራሾች። ማን ይሙላቸው? ጊታር የያዙ ልጆች።

ይህ የከተማ ታሪክ ወደ ሙዚቃው ውስጥ ገብቷል ብዬ አምናለሁ። ሸክላ ግድግዳ ድምፅን ይመልሳል፤ ፈጣንና ውስብስብ ነገር የተጫወተ ባንድ ጫጫታ ብቻ ይሆናል። አድማጩ ለሙዚቃው ብሎ የመጣ አይደለም፣ ለቢራው ነው፤ በሁለተኛው ዘፈን ካልያዝከው ጀርባውን ያዞርብሃል፣ ባሰበት ጊዜ ጠርሙስ ይወረውራል። እንግዲህ እዚህ ቤት የሚሠራው ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው? ምቱ መካከለኛ ፍጥነት ያለው፣ እግር የሚያስረግጥ፤ ጊታሩ አጭር ሐረግ መትቶ ዝም የሚል፤ አዝማቹ ሰካራም ሳይቀር አብሮ ሊጮኸው የሚችል። የኤሲ/ዲሲ ስልት ይኸው ነው። ማልኮም ሪትም ጊታሩን ሲመታ በሐረግና በሐረግ መካከል የሚተወው ባዶ ቦታ አለ፤ ያ ዝምታ እንደ ምቱ ሁሉ የተሰላ ነው። በ1975 መጀመሪያ የመጣው ድራመር ፊል ራድ አንድም ጌጥ አይጨምርም። ሁለቱ መሬቱን ሲያጸኑት አንገስ በላዩ ላይ እንደ ፈለገ ይንከባለላል፤ በእውነትም መድረኩ ላይ ይንከባለል ነበር።

ብዙ ሰው ባንዱን አንገስ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ዓይን የሚስበው እሱ ነዋ። የሙዚቃውን ቤት የሠራው ግን ከኋላ ቆሞ፣ ፊቱን እንኳን ሳያነሣ የሚመታው ማልኮም ነው። የሚጫወተውንም የሚከፈለውንም የሚወስነው እሱ ነበር።

በ1975 ባንዱ መኖሪያውን ወደ ሜልበርን አዞረ፤ ምሥራቅ ሴንት ኪልዳ በተባለ ሰፈር አንድ ቤት ተከራይተው አብረው ይኖሩ ነበር። ማናጀራቸው ማይክል ብራውኒንግ የከተማዋን መድረኮች ጠንቅቆ ያውቃል። ያን ዓመት ማታ ማታ መጠጥ ቤት፣ ቅዳሜና እሑድ የወጣቶች ዳንስ ቤት፣ በምሳ ሰዓት ትምህርት ቤት ሲጫወቱ ከረሙ። በአንድ ቀን ከአንድ ቦታ በላይ መጫወት ብርቅ አልነበረም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፤ እነዚህ ግን ቀስ ብለው አልሄዱም፣ በየቀኑ ሄዱ። የመጀመሪያው አልበማቸው በአሥር ቀን ውስጥ፣ ማታ ማታ ከሥራቸው እየተመለሱ የተቀረጸ ነው። ጆርጅ በስቱዲዮ ውስጥ የሚፈልገው ከመጠጥ ቤቱ ያመጡትን ሙቀት ነበር፤ ስሜቱ ከተገኘ ትንሽ ስሕተት ቢኖርም ይተወዋል።

በጭነት መኪናው ላይ በተጫወቱት ዘፈን ውስጥ ያለው የባግፓይፕ ሐሳብም የመጣው ከጆርጅ ነው። ቦን በወጣትነቱ በአንድ የስኮትላንዳውያን የሰልፍ ባንድ ውስጥ እንደ ነበር ሰምቶ፣ እንግዲያው መሣሪያውን ይዘህ ና አለው። ቦን በዚያ ባንድ የመታው ከበሮ ነበር። ባግፓይፕ ነፍቶ አያውቅም። ቢሆንም አንዱን አስገዝቶ ታግሎ ተማረው።

ቴሌቪዥኑን በአጭሩ ልለፈው፣ ሚናው ግን ትንሽ አይደለም። የአውስትራሊያ ሕዝባዊ ማሠራጫ ኤቢሲ በ1974 መጨረሻ “ካውንትዳውን” የተባለ የሙዚቃ ዝግጅት ጀመረ፤ እሑድ ምሽት መላው አገር የሚያየው ነበር። በማርች 1975 ደግሞ ቴሌቪዥኑ ባለቀለም ሆነ። ቁምጣ የለበሰ ጊታሪስት ለባለቀለም ቴሌቪዥን የተላከ በረከት ነው። አንድ ጊዜ ቦን የልጃገረድ ተማሪ ልብስ ለብሶና ሰው ሠራሽ ሹሩባ አድርጎ ቀረበ፤ ወላጆች ተቆጡ፣ ልጆቹ ግን አልረሱትም። በገንዘብ የማይተመን ማስታወቂያ በግብር ከፋዩ ወጪ ተሠራጨ ማለት ነው። በ1975 ማብቂያ የወጣው ሁለተኛው አልበማቸው በአገሩ ሁለተኛ ደረጃ ያዘ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙ ጊዜ “ወደ ውጭ ወጡ፣ ዓለም ተቀበላቸው” ተብሎ ይጠቃለላል። ዓለም ግን አልተቀበላቸውም፤ ቢያንስ ሦስት ዓመት ያህል።

አትላንቲክ ሪከርድስ የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ኩባንያ የለንደን ቅርንጫፍ በ1976 ሲያስፈርማቸው በኤፕሪል ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። ሊያጅቡት የነበረው ባንድ ጊታሪስት ፖል ኮሶፍ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሞቶ ስለነበር ጉዞው ተስተጓጎለ። የተገኘላቸው ሃመርስሚዝ ውስጥ ያለ ሬድ ካው የተባለ ትንሽ መጠጥ ቤት ነበር። በአገራቸው ታዋቂ የሆኑ ሰዎች እንደገና ከቢራ ጠጪ ፊት ቆሙ፤ ግን ሥራውን ያውቁታል። በዚያ በጋ እንግሊዝን ባነደደው ሙቀት በማርኪ ክበብ በተከታታይ ሲጫወቱ ሰው በበር ሞልቶ ይፈስ ጀመር። ጋዜጦቹ ያን ጊዜ በፓንክ ሙዚቃ ተጠምደው ስለነበር እነዚህን የት እንደሚመድቧቸው አላወቁም።

አሜሪካ የባሰ ነበር። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ1976 ማብቂያ ላይ፣ ባንዱ በአሜሪካ ባወጣው የመጀመሪያ አልበም ሀርድ ሮክ እስከ ዛሬ ወርዶ የማያውቅበት ዝቅታ ደረሰ ብሎ ጻፈ። የአትላንቲክ የአሜሪካ ቢሮ ተከታዩን አልበም አላወጣም አለ፤ ባንዱን ለማሰናበትም ታስቦ ነበር፤ የለንደኑ ኃላፊ ፊል ካርሰን ተከራክሮ አስቀራቸው። (ያ ያልተፈለገ አልበም በ1981 በአሜሪካ ሲወጣ ሦስተኛ ደረጃ ያዘ። አልበሙ ያው ነው፤ የተለወጠው ጊዜው ነው።) በ1977 በጋ የመጀመሪያ የአሜሪካ ጉዟቸውን በቴክሳስ ጀመሩ፤ በኦገስት ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ምሽት ከትልቁ ፓላዲየም ወጥተው የፓንክ መናኸሪያ በሆነው ሲቢጂቢ ተጫወቱ። ከዚያ ለትልልቆቹ ባንዶች መክፈቻ እየሆኑ ከከተማ ከተማ ዞሩ። መክፈቻ መሆን ማለት ሌላ ሰው ለማየት የመጣን ሕዝብ መስረቅ ማለት ነው፤ የአውስትራሊያ መጠጥ ቤት ያስተማራቸውም ይህንኑ ነበር። ይህም ሆኖ በ1978 ያወጡት አልበም በአሜሪካ ሰንጠረዥ ከ133ኛ በላይ አልወጣም።

አንባቢ እዚህ ላይ ቢቆም ደስ ይለኛል። ባንዱ ከተመሠረተ አምስት ዓመት፣ አምስት የስቱዲዮ አልበም፣ ውጤቱ 133ኛ። ዛሬ በዚህ ውጤት ስድስተኛ አልበም የሚያሠራ ኩባንያ ይኖራል?

አትላንቲክ ስድስተኛውን አሠራ፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። ጆርጅና ሃሪ ከፕሮዲዩሰርነት ይነሡ አለ። ለወንድማማቾቹ መራራ ነበር፤ ዋጡት። የመጀመሪያው ምትክ አልተስማማቸውም፤ ሁለተኛው በዛምቢያ ተወልዶ በደቡብ አፍሪካ ያደገው ሮበርት ጆን ላንግ ነበር። ላንግ የጆርጅ ተቃራኒ ነው። አንዷን አዝማች ደጋግሞ ያስዘፍናል፣ ከኋላ የሚመልሱትን ድምፆች ይደራርባል፣ ለቦን ትንፋሹን እንዴት እንደሚቆጥብ ያስተምረዋል። ምቱን ግን አልነካም። “ሃይዌይ ቱ ሄል” በ1979 ወጥቶ በአሜሪካ 17ኛ ደርሷል። በዚያው ኦገስት ዌምብሊ ስታዲየም ውስጥ ዘ ሁ ለተባለው የእንግሊዝ ባንድ መክፈቻ ሆነው ተጫወቱ።

ከስድስት ወር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1980፣ ቦን ስኮት ለንደን ውስጥ በቆመ መኪና ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ምርመራው የገደለው ከልክ ያለፈ አልኮል መሆኑን ደመደመ።

ስለ ድሮው መሰላል የሚናፍቁ ሰዎች ይህን መሸሽ የለባቸውም፤ እኔም ጭምር። መጠጥ ቤቱ ባንዱን የቀጠረው ሙዚቃ ወዶ አልነበረም፤ ቢራ ሊሸጥበት ነው። ለባንዱ ከደመወዙ በፊት የሚቀርበው መጠጥ ነበር። አንገስ አልኮል አይቀምስም፣ ሻይና ወተት ይጠጣ ነበር፤ ማልኮም ኋላ ላይ ችግሩን አውቆ በ1988 ከጉዞ ወጥቶ ታከመ። ቦን ግን ያን ዕድል አላገኘም። መሰላሉ ሌላም ነውር ነበረበት፤ ሴት በላዩ ላይ የወጣችበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው፣ በአዳራሹም ብዙ ጊዜ ደኅንነት አልነበራትም። የቤተሰብ ስቱዲዮ ያልነበረው ስንት ማልኮም በፋብሪካው እንደ ቀረም የሚያውቅ የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ከእንግሊዙ ኒውካስል አካባቢ የመጣውን ብራያን ጆንሰንን ቀጠሩ፤ ጂዮርዲ ከተባለ ባንድ የወጣ፣ የመኪና ጣሪያ እየጠገነ የሚኖር ሰው። ቦን ራሱ ከዓመታት በፊት መድረክ ላይ አይቶት አድንቆት ነበር። ባሃማስ ሄደው “ባክ ኢን ብላክ”ን ቀረጹ፤ ቦን ከሞተ አምስት ወር ሲሞላ፣ በጁላይ 1980፣ አልበሙ ወጣ። በአሜሪካ ብቻ ከ25 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተመዝግቦለታል። የኅዘን ደወል የሚያሰማው መክፈቻው ብዙ ተብሎለታል፤ እኔን የሚደንቀኝ ፍጥነቱ ነው። ስድስት ዓመት በየምሽቱ የሠራ ሰው ብቻ ነው ድምፃዊውን ቀብሮ በአምስት ወር እንዲህ ያለ ነገር ማቅረብ የሚችለው።

እንግዲህ ደረጃዎቹን ዛሬ ብንፈልጋቸውስ?

በእንግሊዝ ስለ ትናንሽ የሙዚቃ ቤቶች የሚከራከረው ሚዩዚክ ቬኒው ትረስት በ2023 ብቻ 125 ቤቶች እንደ ጠፉ መዝግቧል፤ በሳምንት ከሁለት በላይ ማለት ነው። ምክንያቶቹ የኪራይና የመብራት ዋጋ፣ የግብር ጫና፣ ደግሞም በአጠገባቸው አዲስ አፓርታማ የገዛ ሰው የሚያቀርበው የጩኸት አቤቱታ ናቸው። የመጨረሻው ያስገርማል፤ ቤቱ ለአርባ ዓመት ሲጮኽ ኖሯል፣ ሰውየው ትናንት መጣ። ቪክቶሪያ በ2014 ድምፅ የመከላከሉን ወጪ አዲስ ገቢው እንዲሸከም በሕግ የደነገገችው በዚህ ምክንያት ነው።

ሜልበርን እዚህ ላይ ሳይወድ በግድ ትምህርት ያገኘች ከተማ ናት። በጃንዋሪ 2010 ኮሊንግዉድ ያለው ዘ ቶት የተባለ ዝነኛ መጠጥ ቤት ተዘጋ፤ አዲሱ የመጠጥ ፈቃድ ደንብ የቀጥታ ሙዚቃን ከጠብ ጋር አስተካክሎ ስላየ፣ ባለቤቱ የጥበቃ ሠራተኞች ወጪ መሸከም አልቻለም። በወሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ፓርላማው ሰልፍ ወጡ። የመረጡት ቀን ፌብሩዋሪ 23 ነበር፤ የጭነት መኪናው ቀን። መንግሥት ደንቡን አለዘበ፣ ቶትም በዚያው ዓመት ተከፈተ። በ2023 ሊሸጥ ሲል ደግሞ ደንበኞቹ 3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር አዋጥተው በሙዚቃ ቤትነቱ እንዲቀጥል አደረጉ። በ1916 የወጣ ሕግ ሳያስበው አዳራሾቹን ሠራ፤ በ2010 ገደማ የወጣ ደንብ ሳያስበው ሊዘጋቸው ነበር። የሮክ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ጊታር ዓይነት ገጽ ሲሞሉ የመጠጥ ፈቃድ ደንብን የማያነቡት ለምን እንደ ሆነ አይገባኝም።

ሌላው ደረጃ የኩባንያው ትዕግሥት ነው። የዛሬ ኩባንያ አንድን ባንድ የሚመርጠው በኢንተርኔት ተከታይ ካፈራ በኋላ ነው፤ ማለትም መሰላሉን ያለ መሰላል ከወጣ በኋላ። ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚያሰማው ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በዓመት 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን የቀረጻ ክፍያ አይከፍልም። ደንቡ አጭበርባሪዎችን ለመከላከል ነው የሚል መከራከሪያ አለው፤ ገንዘቡም ቢሆን ትንሽ ነው። ግን በሬድ ካው ከጥቂት ሰዎች ፊት የቆመ ባንድ ለዚያች ምሽት ይከፈለው ነበር። በ2025 በጋ ደግሞ ዘ ቬልቬት ሰንዳውን የተባለ የሮክ “ባንድ” በስፖቲፋይ በወር ከአንድ ሚሊዮን በላይ አድማጭ አገኘ፤ ኋላ ሙዚቃውም የአባላቱ ፎቶም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ መሆናቸው ታወቀ። አነሣሥ የሌለው፣ ጠርሙስ ያልተወረወረበት ባንድ።

በይነመረብ አዲስ መሰላል ሰጥቷል የሚሉ አሉ፤ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። አንዲት ልጅ በክፍሏ ቀርጻ ዓለም ሊሰማት ይችላል፣ ያንግ ወንድማማቾች ይህን በሕልማቸውም አላዩም። ይህ መንገድ ግን ዘፋኝን እንጂ ባንድን ብዙም አያወጣም። ባንድ ማለት አራት አምስት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እስኪያውቅ መኖር ነው፤ ለዚያ ኪራይ፣ መኪና፣ መድረክና የሚታገሥ ተመልካች ያስፈልጋል። በማልኮም ሐረጎች መካከል ያለው ዝምታ ብቻውን ተቀምጦ የሚገኝ ነገር አይደለም።

መፍትሔ የሚመስል ነገር እየተሞከረ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ በ2024 ከስታዲየምና ከትልልቅ አዳራሾች ትኬት ለትናንሾቹ ቤቶች የሚሄድ መዋጮ እንዲነሣ ሐሳብ አቀረበ፤ መንግሥቱ በፈቃደኝነት ይሁን ብሎ ደገፈው። እየተነገረ ያለው ከአንድ ትኬት አንድ ፓውንድ ነው። ስታዲየሙ ያልዘራውን ሲያጭድ ስለኖረ ለገበሬው ዘር ቢመልስ ፍትሕ ነው፤ በፈቃደኝነት የሚለው ቃል ግን ያሳስበኛል።

ወደ ሜልበርን ልመለስ። በኖቬምበር 2025 በአውስትራሊያ ለኤሲ/ዲሲ መክፈቻ ሆኖ የተጫወተው አሚል ኤንድ ዘ ስኒፈርስ የተባለ ባንድ ነው። በ2016 የተመሠረተው ባላክላቫ በተባለ ሰፈር ውስጥ፣ በጋራ በተከራዩት ቤት ነው፤ ሰፈሩ ኤሲ/ዲሲ በ1975 ይኖርበት ከነበረው ምሥራቅ ሴንት ኪልዳ ጋር ይዋሰናል። ድምፃዊቷ ኤሚ ቴይለር ናት፤ ያደጉትም በዚያችው ከተማ መጠጥ ቤቶች ነው። ባግፓይፕ ነፊዎቹ ከተሰበሰቡ ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው ፌዴሬሽን አደባባይ ነጻ ኮንሰርት ሊያሳዩ ነበር። ከሚታሰበው በላይ ሕዝብ ወጣ፣ አጥር ተጣሰ፣ ኮንሰርቱ ለደኅንነት ሲባል ተሰረዘ። ባንዱ ለዚያ ምሽት የሚከፈለውን 35,000 የአውስትራሊያ ዶላር ለሰባት ትናንሽ የሙዚቃ ቤቶች አከፋፈለው፤ አምስት አምስት ሺህ፣ ከአደባባዩ የተመለሱት ሰዎች ገብተው እንዲጠጡበት። ከሰባቱ አንዱ ዘ ቶት ነበር።